የኢሳ ላሌ ታሪክ፤ ስለ ሕግና ስለ እውነተኛ ትምህርት

1. አገሩና ዘመኑ

ከአባያ ሐይቅ በስተ ምዕራብ ጋሞ የሚባል ከፍ ያለ ደጋ አገር አለ። በዚያ ብርዱ ብርቱ ነው፤ ጉምም በጠዋት ተራራውን ይሸፍነዋል። የአገሩ ሰዎች እንሰትና ገብስ ያበቅላሉ፤ ሸማ በመሥራትም በኢትዮጵያ ሁሉ የታወቁ ናቸው። ከጋሞ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ወላይታ ይደርሳል። ወላይታ በምሥራቅ ብላቴ፣ በምዕራብ ኦሞ የሚባሉ ወንዞች ያዋስኑታል። በመካከሉ የዳሞታ ተራራ ቆሞ ይታያል፤ የሶዶ ከተማም በዚያው ተራራ ግርጌ ተሠርታለች።

ኢሳ ላሌ ከጋሞ ደጋ የተነሣ ሰው ነበረ። ንጉሥ ወይም የጦር አለቃ አልነበረም፤ ሹመትም አልነበረውም። ነገር ግን ስሙ በጋሞም በወላይታም ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ እስከ ዛሬ ይነገራል። የታወቀውም በትምህርቱ ነው።

እርሱ ያስተማረበት ዘመን ከ1910 እስከ 1920 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ነበረ። በዚያን ጊዜ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በዙፋን ላይ ነበሩ፤ ራስ ተፈሪም አልጋ ወራሽ ሆነው የመንግሥቱን ሥራ ይመሩ ነበር። ለወላይታና ለጋሞ ሕዝብ ግን ዘመኑ የጭንቀት ዘመን ነበረ። ወላይታ ከዚያ በፊት የራሱ ነገሥታት ነበሩት። የመጨረሻው ንጉሥ ጦና በ1887 ዓ.ም. ከዳግማዊ ምኒልክ ጦር ጋር ተዋግቶ ተሸነፈ፤ ተማረከም። በዚያ ጦርነት እጅግ ብዙ ሰው አለቀ፤ ከብቱም ተነዳ። ከዚያ ወዲያ ገበሬው ገባር ሆኖ ከእርሻው ፍሬና ከጉልበቱ ለጌቶች የሚከፍል ሆነ። ስለዚህ ኢሳ ትምህርቱን በጀመረ ጊዜ፣ በየቤቱ የጦርነቱን መከራ በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች ገና በሕይወት ነበሩ።

2. በሕዝቡ ላይ የነበረው ፍርሃት

የወላይታ ሰዎች ሰማይንና ምድርን የፈጠረ አንድ አምላክ እንዳለ ከጥንት ጀምሮ ያውቁ ነበር፤ በቋንቋቸውም ጦሳ ይሉታል። ነገር ግን ጦሳ በሰማይ ሩቅ ነው፤ የሰውን ነገር ብዙም አይመለከትም ብለው ያስቡ ነበር። ቅርብ የሚመስሏቸው መናፍስት ነበሩ። የሞቱ አባቶች መንፈስ፣ የወንዝና የዛፍ መንፈስ፣ የተራራም መንፈስ አለ ይሉ ነበር። እነዚህን ሁሉ ይፈሯቸው ነበር እንጂ አይወዷቸውም ነበር።

ልጅ በታመመ ጊዜ አባቱ ወደ ጠንቋይ ይሄድ ነበር። ጠንቋዩም የተቈጣው መንፈስ የትኛው እንደ ሆነ ይነግረዋል፤ በግ ወይም ወይፈን እንዲያርድለት ያዝዘዋል። ድሀው ሰው በግ ባይኖረው ይበደራል፤ ከብቱ አንድ ብቻ ብትሆን እርሷኑ ያቀርባል። ልጁ የዳነ እንደ ሆነ ምስጋናው ለመንፈሱና ለጠንቋዩ ነው። ልጁ የሞተ እንደ ሆነ መሥዋዕቱ አነሰ ይባላል። በዚህ ዓይነት ጠንቋዩ በማናቸውም መንገድ አይሸነፍም፤ ድሀው ግን በማናቸውም መንገድ ይሸነፋል። ፍርሃት ጌታ የሆነበት ሰው ዕዳው አያልቅም።

3. የኢሳ ትምህርት

በዚህ ዘመን ኢሳ ላሌ ተነሥቶ ሕዝቡን ማስተማር ጀመረ። የሚያስተምረው ከመጽሐፍ እያነበበ ሳይሆን በቃሉ ነበረ። የትምህርቱም ዋና ነገር አጭርና ግልጥ ነው። ጦሳ ሩቅ አይደለም፤ የሚለምኑትን ይሰማል፤ ስለዚህ ለእርሱ ብቻ ጸልዩ፤ ለመናፍስትና ለሞቱ አባቶች መሥዋዕት ማቅረብን ተዉ የሚል ነበረ።

ከዚህም ጋር ሰው ከባልንጀራው ጋር እንዴት መኖር እንደሚገባው አስተማረ። መስረቅን፣ መግደልን፣ በሐሰት መመስከርን፣ ከሰው ሚስት ጋር ማመንዘርን ከለከለ። ጎረቤት ጎረቤቱን እንዲወድ አዘዘ። ይህ ትምህርቱ እግዚአብሔር በሙሴ እጅ ከሰጣቸው ከዐሥርቱ ትእዛዛት ጋር በብዙ ይስማማል። በጋሞ አገር ብርብር ማርያምን የመሰሉ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ፤ የአሥርቱ ቃላትም ስም በደጋው ፈጽሞ ያልተሰማ አልነበረም።

እሑድም የዕረፍት ቀን እንዲሆን አዘዘ። በዚያ ቀን ገበሬው ሞፈርና ቀንበሩን ያኖራል። በእሑድ ጠዋት የቤቱ አባት ቤተ ሰቡን ይሰበስባል፤ ማር ያቀርባል፤ ጣቱን በማሩ ነክሮም ወደ ሰማይ ይረጫል። ይህን እያደረገ ጦሳ እንዲምረውና ቤቱን እንዲጠብቅለት ይለምናል። ይህ ሥርዓት ለዛሬ ሰው እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የቀድሞውን ሥርዓት ያስታወሰ ሰው የነገሩን ታላቅነት ያስተውላል። ቀድሞ ደም ወደ ምድር ይፈስስ ነበር፤ አሁን ማር ወደ ሰማይ ይረጫል። ቀድሞ ጠንቋይ በመካከል ይቆም ነበር፤ አሁን አባት ራሱ ከልጆቹ ጋር ቆሞ ይጸልያል። ቀድሞ ድሀው ከብቱን ያጣ ነበር፤ አሁን ግን በጣቱ ጫፍ የያዘው ጥቂት ማር ይበቃዋል።

ሕዝቡም ትምህርቱን በደስታ ተቀበለው። ወሬው ከጋሞ አልፎ ወደ ወላይታ፣ ወደ ጎፋ፣ ዛሬ ዳውሮ ወደሚባለውም ወደ ኩሎ ተሻገረ። ብዙ ሰዎች ለመናፍስት የለዩትን ዕቃ ከቤታቸው አውጥተው ጣሉ፤ አቃጠሉም። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በዕቃው ውስጥ የሚገድል መንፈስ አለ ብሎ ከልጅነቱ ጀምሮ የተማረ ሰው፣ ያንን ዕቃ በገዛ እጁ ወደ እሳት ሲጥል ነፍሱን ለሞት እንደ ሰጠ ይቈጥረዋል። ጥለውት ሳይሞቱ በቀሩ ጊዜ ግን ልባቸው በረታ፤ አንዱም ሌላውን አደፋፈረው።

4. እስራቱ

በየቦታው ብዙ ሕዝብ መሰብሰቡን ያዩ ሹማምንት ነገሩን በጥርጣሬ ተመለከቱት። ሕዝብ በአንድ ሰው ቃል ዛሬ መሥዋዕቱን ከተወ ነገ ግብሩን ይተዋል፤ ሽፍትነትም ይነሣል ብለው ሠጉ። ኢሳ ግን ጦር አላሰለፈም፤ ሕዝቡንም በመንግሥት ላይ ለማስነሣት አልሠራም፤ ሥራው ጸሎትና ትምህርት ነበረ። የሆነ ሆኖ ተይዞ ታሰረ፤ የስብከቱም ዘመን በዚሁ ተዘጋ።

መምህሩ ከፊታቸው በተወሰደ ጊዜ የተከታዮቹ ልብ ተፈተነ። ብዙዎች ወደ ቀድሞው ልማድ ተመለሱ። በሽታ ወደ ቤታቸው በገባ ጊዜ የቀድሞው ፍርሃት አብሮ ገባ፤ ጠንቋዩም በሩን እንደገና ከፈተ። ሌሎች ግን የሰሙትን አልረሱም፤ ለጦሳ መጸለይን አልተዉም። የሚያነቡት መጽሐፍ አልነበራቸውም፤ የሚጠይቁትም መምህር አልነበራቸውም። የሰሙትን በልባቸው ይዘው፣ የበለጠ ቃል የሚሰሙበትን ቀን ይጠባበቁ ነበር።

5. ከእርሱ በኋላ የሆነው

በ1920 ዓ.ም. ዶክተር ቶማስ ላምቢና ባልንጀሮቻቸው ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ደቡብ ወረዱ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ በወላይታ ተቀመጡ፤ በሶዶ አጠገብ ኦቶና በተባለው ስፍራ ሥራቸውን ጀመሩ። በሽተኛ ያክሙ ነበር፤ ፊደል ያስቈጥሩ ነበር፤ ወንጌልንም ይሰብኩ ነበር። የአገሩ ሽማግሌዎች ስለ አንድ አምላክ፣ ጣዖትን ስለ መተው፣ ስለ ትእዛዛቱም ሲሰሙ ነገሩ ፈጽሞ አዲስ አልሆነባቸውም፤ ኢሳ ያስተማረውን አስታወሱ። አዲስ የሆነባቸው ግን ሌላ ነገር ነበረ፤ ይኸውም እግዚአብሔር የሰውን ኃጢአት ስለ ማስተሥረይ ልጁን ኢየሱስ ክርስቶስን መስጠቱ ነው።

ሥራው ፈጥኖ አልሰፋም። በወላይታ የመጀመሪያዎቹ 10 ሰዎች የተጠመቁት በ1926 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን አገሩን በያዘ ጊዜ የውጭ አገር መምህራን በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ከሶዶ ወጡ። በዚያን ቀን የተጠመቁት ሰዎች 48 ብቻ ነበሩ። በኢሳ ጊዜ የሆነው ነገር አሁንም ሊሆን የተቃረበ መሰለ፤ መምህራኑ ተወሰዱ፤ ተከታዮቹም ብቻቸውን ቀሩ። ስደትም መጣ። የጸሎት ቤቶች ፈረሱ፤ ወንዳሮ ዳባሮን የመሰሉ ሰዎችም ታሰሩ፤ ተገረፉም።

ነገር ግን በዚህ ጊዜ ፍጻሜው እንደ ፊተኛው አልሆነም። መምህራኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ያመነው ሕዝብ ተበትኖ ሳይሆን በዝቶ አገኙት። ቍጥራቸውም ወደ 10,000 ገደማ እንደ ደረሰ ተገመተ። የልዩነቱ ምክንያት ምንድን ነው? በፊተኛው ጊዜ ትምህርቱ በአንድ ሰው አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ አፉ በተዘጋ ጊዜ ትምህርቱ ተቋረጠ። በሁለተኛው ጊዜ ግን ጥቂትም ቢሆን በእጃቸው የተጻፈ ቃል ነበረ። ማንበብ የሚያውቀው ለማያውቀው ያነብለት ነበር፤ የሰማው ወደ ጎረቤቱ አገር ሄዶ ይናገር ነበር፤ የአገሩም ልጆች እርስ በርሳቸው መምህራን ሆኑ። ይህንንም ያደረጉት ቅጣትን ፈርተው አልነበረም፤ ቅጣቱ ያለው በማመናቸው ላይ ነበርና። የሚወዱትን ጌታ አግኝተው ስለ ነበረ ግን ጸኑ።

6. ሕግ የሚያደርገውና የማያደርገው

ከዚህ ታሪክ ስለ ሕግ መማር ይቻላል። ኢሳ ለሕዝቡ መልካም ሕግ ሰጠ። ሕጉም ሥራውን ሠራ፤ ክፉውን ከመልካሙ ለየላቸው፤ የጣዖቱን ዕቃ ከቤታቸው አስወጣ፤ የእሑድንም ዕረፍት አስተማራቸው። ሕግን የሚንቅ ሰው ይህን ሁሉ ይንቃል።

ነገር ግን ሕግ ብቻውን ሁሉን አያደርግም። በወላይታ እያንዳንዱ ቤት በጓሮው እንሰት አለው፤ ገበሬውም ከብት እንዳይገባበት ዙሪያውን ያጥረዋል። አጥር የሌለው እንሰት በከብት ይበላል፤ ስለዚህ አጥሩ ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ እንሰቱን የሚያሳድገው አጥሩ አይደለም፤ ሥሩና አፈሩ፣ ፍጉና ዝናቡ ነው። አጥሩን ብቻ አሳምሮ ሠርቶ እንሰት ያልተከለ ሰው በረኃብ ጊዜ አጥሩን አይበላም። እንደዚሁም ትእዛዛት ለሰው ሕይወት አጥር ናቸው፤ እምነት ግን ሥር ነው፤ ፍቅርም ፍሬ ነው።

ጌታችን በወንጌል ስለ ተጠረገ ቤት የተናገረው ምሳሌ ይህንኑ ያስረዳል። ክፉ መንፈስ የወጣለት ቤት ተጠርጎ ባዶውን ቢቀመጥ፣ የወጣው መንፈስ ሌሎችን ይዞ ይመለሳል። ከኢሳ በኋላ በብዙዎች ቤት የሆነው ይኸው ነው። ቤቱ ተጠርጎ ነበር፤ የሚቀመጥበት ጌታ ግን ገና አልተነገራቸውም ነበር። ይህ የመጥረጉን ሥራ አያስነቅፍም፤ ያልተጠረገ ቤት እንግዳ ለመቀበል አይመችምና። ነገር ግን መጥረግ የሥራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜ አለመሆኑን ያሳያል።

7. እውነተኛ ትምህርት የሚታወቅበት

በዓለም ብዙ ትምህርት አለ፤ ሁሉም እውነተኛ አይደለም። ስለዚህ ትምህርትን የሚሰማ ሁሉ እንዲመረምር ይገባዋል። የኢሳ ታሪክ የሚመረመርበትን መንገድ ያሳየናል።

መጀመሪያ፣ ትምህርቱ ፍርሃትን ያርቃል ወይስ ይጨምራል? ጠንቋዩ የሚኖረው በሰው ፍርሃት ነበረ፤ የኢሳ ትምህርት ግን ፍርሃትን አስጣለ። ሁለተኛ፣ ትምህርቱ ሰውን ወደ እግዚአብሔር ይመራል ወይስ ወደ መምህሩ? ኢሳ ሕዝቡ ለጦሳ እንዲጸልይ እንጂ ለእርሱ እንዲሰግድ አላስተማረም። ሦስተኛ፣ ትምህርቱ ከጎረቤት ጋር በሰላም ያኖራል? ኢሳ ስርቆትንና ሐሰትን ከልክሎ ፍቅርን አዘዘ። አራተኛ፣ ትምህርቱ መምህሩ ከሄደ በኋላ ይጸናል? የኢሳ ሥራ የጐደለው በዚህ ነበረ፤ ጉድለቱም የልቡ ሳይሆን የመሣሪያው ነበረ። ቃሉን የሚጠብቅ መጽሐፍ፣ መጽሐፉንም የሚያነብ ተማሪ አልነበረውም።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር መጠንቀቅ ይገባል። የታወቀ ሰው ከሞተ በኋላ ሰዎች በታሪኩ ላይ ይጨምራሉ። ስለ ኢሳም ከብዙ ዓመት በኋላ የሚመጣውን ነገር ሁሉ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር የሚሉ አሉ። ሌሎችም የተናገረው ከዚያ ያነሰ ነው ይላሉ። እውነትን የሚወድ ሰው ወዳጁን ለማክበር ብሎ እንኳ ሐሰት አይጨምርም። በሐሰት መመስከርን የከለከለ መምህር፣ በስሙ ሐሰት ቢነገርለት አይከበርም። የሠራው ሥራ ያለ ጭማሪ ብቻውን ያስከብረዋል።

8. ማጠቃለያ

ኢሳ ላሌ ብዙ የሌለው ሰው ነበረ። ዛሬ በሶዶና በአካባቢው የሚኖር ተማሪ እርሱ ያላገኘውን አግኝቷል፤ የተጻፈ ቃል አለው፤ የሚያስተምሩት መምህራን አሉት፤ የሚያነብበትም ፊደል ያውቃል። ብዙ የተሰጠው ሰው ብዙ ይፈለግበታል። ኢሳ ባወቀው ጥቂት ነገር ጸንቶ ታሰረ፤ ብዙ እያወቀ የሚሰንፍ ተማሪ ግን በምን ያመካኛል?

ስለዚህ፣ ልጆች ሆይ፣ ትእዛዙን ስትማሩ ምክንያቱንም ተማሩ። እሑድን ስታከብሩ የእሑድን ጌታ አስቡ። አትስረቁ ስትባሉ እጃችሁን ብቻ ሳይሆን ልባችሁን ጠብቁ። ያነበባችሁትንም ማንበብ ለማያውቁ አባቶቻችሁና እናቶቻችሁ በማታ በምድጃው አጠገብ ተቀምጣችሁ አንብቡላቸው። ከመካከላቸው አያታቸው እሑድ ጠዋት ማር ወደ ሰማይ ሲረጩ ያዩ ወይም የሰሙ ይኖራሉ፤ እነዚያ አያቶች ይሰሙት ዘንድ የጠበቁትን ቃል ልጆቻቸው ከልጆቻቸው አፍ ይስሙት።